በካርቦን ክሬዲት ቅናሽ ሚሸጠው የእንጀራ ምድጃ፦ ሀዋሳ ላይ ተጠቅመንበት ያየነው

ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ሰሞኑን ሀዋሳ ውስጥ ብዙ ጊቢ የገባው በቅናሽ ሚሸጠው የሲሚንቶ እንጀራ ምድጃ፣ ያው ምርጥ ምድጃ ምንለው፣ ጥሩ ነው ወይ ነው ጥያቄው። አጭሩ መልስ፦ ምድጃው ጥሩ ነው፣ አሻሻጡ ግን ብዙ ይቀረዋል። ለምድጃው ከ5 4 እሰጣለሁ፣ ለአገልግሎቱ 2፣ እሷንም ያገኙት ሚያመጡት ልጆች ጨዋ ስለሆኑ ነው። ረጅሙን ምትፈልጉ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሱቁን በስም አልጠራም። እንደዚ ሚሰራው እነሱ ብቻ አይደሉም፣ ችግሩም ከሱቁ በላይ፣ ቅናሹ የመጣበት የካርቦን ክሬዲት (የተቀነሰ ካርቦን ተቆጥሮ ሚሸጥበት አሰራር) ላይ ነው፣ እደርስበታለሁ።

እማዬ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችን፣ አሁንም ለሰፈር ሰውም ለሆቴልም ትጋግራለች፣ ስለዚ ይሄ በሳምንት አንዴ ለቤት ሚጋግር ሰው አስተያየት አይደለም፣ እኛ ቤት እሳቱ ገና ሳይነጋ ነው ሚለኮሰው። ቤታችን አቶቴ አካባቢ ነው፣ ማድቤቷ ደሞ እንደ ብዙው ጊቢ ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተሰራች ጠባብ ክፍል ናት። ኤሌክትሪክ ምጣድ የላችሁም ወይ ምትሉኝ፣ አለን እኮ፣ ግን መብራት ሚጠፋው ሁሌ ሊጡ ኩፍ ባለ ሰአት ነው፣ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሶስት ወሩ ከፍ እያለ ነው፣ እንጀራ እየሸጠ ሚኖር ሰው በመብራት ብቻ ልተማመን ቢል ደንበኛውን ያጣል። የሀገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ሚመነጭ መሆኑን አውቃለሁ፣ ንጹህ ነው፣ ግን ንጹህ መብራት ሲኖር አይደል።

ወደ ምድጃው። አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚሁ ሀገር የተሰራ ዲዛይን ነው። አሸዋ ወይ ፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ይወጣል፣ 4ቱ ቁራጮች ገጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይይዙታል፣ ከኋላ ደሞ ጭሱ ሚወጣበት ላይ ድስት ሚጣድበት አለ። ከሶስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ነው ሚባለው፣ እኛ ቤት ሚዛን ይዘን አልለካንም ግን እማዬ የምትገዛው ፍልጥ በደንብ ቀንሷል፣ አንዳንዴ ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠል ብቻ እየማገደች ትጨርሳለች። ከኋላ በሚወጣው ሙቀት ውሃ ይፈላል፣ የሽሮ ድስት ይጣዳል፣ እሱ በነጻ የመጣ ነው በሉት። ነበልባሉ ስለተከለለ ቀሚሷ ጫፍ ላይ እሳት ይደርሳል ብዬ መስጋቴም ቀርቷል፣ ለኔ ይሄ ከእንጨቱ በላይ ነው።

እንጀራውስ? አይኑ ጥሩ ነው፣ ጠርዙም መሀሉም እኩል ይበስላል፣ ጉልቻ ላይ እንደሚሆነው አንዱ ጎን አሮ ሌላው ጥሬ አይሆንም። ማሟሻው ላይ ግን ታገሱ፣ ሲሚንቶው ራሱ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፣ አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን ይይዛል፣ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች እሳቱን ሳትነካካው ነው ምታወጣቸው። አንድ አምስት እንጀራ ጋግሮ ለሚያቆም ሰው ይሄ ጥቅም ብዙም አይታየውም፣ ብዙ ለሚጋግር ነው።

ጉድለቱ? አንደኛ ይከብዳል፣ አንዴ ካስቀመጣችሁት እዛው ነው፣ ተከራይ ሆናችሁ ቤት ምትቀያየሩ ከሆነ አስቡበት። ሁለተኛ አፉ ጠባብ ስለሆነ ግንዱን እንዳለ መክተት የለም፣ መፍለጥ ግድ ነው፣ እማዬ ይሄን እስክትለምደው አጉረምርማለች። ሶስተኛ ይሰነጠቃል፣ በተለይ በደንብ ውሃ ሳይጠጣና ሳይጠነክር ቶሎ የተሸጠ ከሆነ። የኛ አንዱ ቁራጭ ገና ሳይቆይ ተሰነጠቀ፣ ዋስትና ነበረው ተብሎ ስደውል "እሺ እህቴ እንመጣለን" ተባልኩ፣ እስካሁን የመጣ የለም።

አራተኛውና ትልቁ ጭሱ ነው። ጭስ አልባ እየተባለ ነው ሚሸጠው፣ አይደለም! ከፊት ሚመጣው ቀንሷል፣ አይኗን እንደድሮው አያቃጥላትም፣ ግን ጭሱ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ይወጣል፣ ጭስ ማውጫ ቧንቧ የለውማ፣ ስለዚ ሄዶ ሄዶ እዛችው ማድቤት ውስጥ ነው ሚከማቸው። እኛ ምን አደረግን፣ ወንድሜ ከላይ ቆርቆሮውን ቆርጦ መስኮት አወጣላት፣ ከምድጃው ኋላ ደሞ ግድግዳውን ከፈተው። ሳሏ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ያ ነው፣ የአንድ ቀን ስራና ትንሽ ሚስማር። አለም ላይ በየአመቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ቤት ውስጥ ባለ ጭስ ምክንያት እንደሚሞት የአለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እና ለመስኮቷ ማንም ክሬዲት አይከፍልም። ለምን እንደማይከፍል ነው ቀጥሎ ምጽፈው።

ቅናሹ ከየት መጣ? ምድጃው ገበያ ላይ ካለው ከግማሽ በታች ነው የተሸጠልን፣ ደስ ብሎን ገዛን፣ ከዛ ልጁ ታብሌት አወጣና የእማዬን ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር መዘገበ፣ ምድጃው አጠገብ አቁሞ ፎቶ አነሳት፣ መጨረሻ ላይ ወረቀት ፈርሚ አላት። ወረቀቱ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ከስር ሁለት ሶስት መስመር አማርኛ አለች፣ ሲዳምኛ ጭራሽ የለም፣ ሀዋሳ ላይ እኮ ነው ያለነው! አማርኛዋ ምትለው ከዚህ ምድጃ ሚገኘውን የካርቦን ቅነሳ መብት ለድርጅቱ አስተላልፌያለሁ ነው። 

"ይሄ ምንድነው?" አልኩት። 

"ፎርማሊቲ ነው እህቴ፣ ሁሉም ይፈርማል።" 

"መብቱ ስንት ነው ሚሸጠው?" 

"እሱን እኔ አላውቅም፣ ዋናው ቢሮ ነው።" 

እማዬ ደሞ ከኋላዬ "ልጄ ተይው በቃ፣ ልጁን አታድክሚው፣ ፀሐይ ላይ ነው የዋለ" ብላ ፈረመች። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ እሱም ደሞዝተኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናንተ ትንሽ እንጨት ካነደዳችሁ ትንሽ ካርቦን ወጣ ማለት ነው፣ ድሮ ምታነዱትና አሁን ምታነዱት ልዩነቱ ይሰላል፣ አንድ ቶን ሲሞላ አንድ ክሬዲት ይባላል፣ እሱን ውጪ ሀገር ያለ ካምፓኒ ገዝቶ "ብክለቴን አካክሻለሁ" ይላል። የቅናሹ ብር ከዛ ነው። ሀሳቡ ራሱ ክፉ አይደለም፣ ያለሱ እማዬ ምድጃውን በሙሉ ዋጋ አትገዛም ነበር። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። ስሌቱ አዲሱን ምድጃ ካገኛችሁ በኋላ አሮጌውን ትታችሁታል ብሎ ያስባል፣ እንጨቱም በሙሉ ወይ አብዛኛው ተመልሶ ከማይበቅል ጫካ የመጣ ነው ብሎ ያስባል፣ እኛ ምንገዛው እኮ ገበሬው ለሽያጭ የተከለው ባህር ዛፍ ነው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አሮጌውን ስለመተው ደሞ አታንሱብኝ። ለክትትል የመጣችው ልጅ ጎረቤታችንን እትዬን "ሶስት ጉልቻውን አሁንም ይጠቀማሉ?" ስትላቸው "ኧረ በጭራሽ!" አሉ፣ ጉልቻው ከኋላቸው የአረቄ ድፍድፍ ተጥዶበት እየጨሰ። ልጅቷም አይታ ጻፈች፣ "አይጠቀሙም"። እንግዳ ማስቀየም ሀጢያት ነው ለእትዬ።

በፈረንጆቹ 2024 የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር ሰስቴነብሊቲ ሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የምድጃ ፕሮጀክቶችን ናሙና ወስደው ሲያሰሉ ክሬዲቱ በአማካይ ከእውነተኛው ቅነሳ 9 እጥፍ ገደማ ተጋኖ ነው ያገኙት። ስለዚ ከ9ኙ 8ቱ ወረቀት ብቻ ነው ማለት ነው፣ ገዢው ግን በዛ ወረቀት መበከሉን ይቀጥላል።

ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ጋ ደውዬ ይሄን ስነግራት "እኛም ጋ አለ እኮ" አለችኝ። የመብራት ቢላቸው ላይ በኤፕሪልና በኦክቶበር የአየር ንብረት ክሬዲት ሚባል ቅናሽ ሲመጣላቸው ኖሯል፣ ከየት እንደሚመጣ ግን አስባበት አታውቅም፣ ቅናሽን ማን ይመረምራል። ቁጭ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ገርሞኛልም፣ ምክንያቱም እኛ ማድቤት ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ እዛ ከ10 አመት በላይ ሲጨቃጨቁበት የኖረው ነው።

ካሊፎርኒያ በ2006 ካርቦን ሚቀንስ ህግ አወጣች (ከዚ በታች ያሉት አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ከ2013 ጀምሮ ደሞ የነዳጅ ማጣሪያዎች፣ ፋብሪካዎችና የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ሚለቁት ካርቦን ላይ ጣሪያ ተቀመጠ፣ ለሚለቁት ለያንዳንዱ ቶን ፈቃድ መያዝ አለባቸው፣ ፈቃዱ ለጨረታ ይቀርባል (የአክስቴ ልጅ ቅናሽ ከዛ ነው ሚመጣው)፣ የተወሰነው በነጻ ይሰጣል፣ ጣሪያው በየአመቱ ዝቅ ይላል። እሱ ካልበቃቸው ሌላ ቦታ ያለ ጫካ ላይ ወይ የከብት እበት ጋዝ ላይ የተሰራ ቅነሳ ገዝተው እስከተወሰነ ፐርሰንት ማስቆጠር ይችላሉ። (የኛን ሀገር ምድጃ ክሬዲት እነሱ አይቀበሉም፣ የነሱ ፕሮጀክቶች እዛው አሜሪካ ያሉ ናቸው፣ የኛው ሚሸጠው በፈቃደኝነት ለሚገዙ ነው በብዛት። አሰራሩ ይለያያል፣ ሂሳቡ ግን አንድ ነው፦ ቶን የትም ቢቀነስ ቶን ነው።)

ለሰማዩ እውነት ነው፣ ቶን የትም ቢቀነስ ያው ነው። ለሰፈር ግን አይደለም። ከኦክላንድ ብዙም ሳይርቅ ሪችመንድ ሚባል ከተማ ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ አለ፣ በኦገስት 2012 እሳት ተነስቶበት 15 ሺ ገደማ ሰው ሀኪም ቤት የሄደበት። ከማጣሪያው ጭስ ማውጫ ካርቦን ብቻውን አይወጣም፣ ሳንባ ውስጥ ሚገባ ብናኝና ሌላ ጋዝ አብሮት ይወጣል። ማጣሪያው ፈቃድ ከገዛ ወይ ሩቅ ቦታ ያለ ጫካ ካስጠበቀ የካርቦን ሂሳቡ ተዘጋ፣ አጥሩ ስር ሚኖረው ሰው ግን ያንኑ አየር ይስባል። እና አጥሩ ስር ሚኖረው ማነው ስትሉ ርካሽ ቤት ኪራይ የሳበው ድሀው ነው፣ አብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ። ለዛ ነው እነዚህ ሰፈሮች ገና ስርአቱ ሳይጀመር ፍርድ ቤት የሄዱት፣ በ2011 ዳኛው ሌሎች አማራጮችን በቂ አላያችሁም ብሎ መንግስትን ለጊዜው አስቁሞት ነበር። በ2018 የወጣ ጥናትም ስርአቱ በጀመረባቸው አመታት ከታቀፉት ተቋማት ከግማሽ በላይ ሚሆኑት እዛው ሚለቁት ጨምሮ እንደነበር አሳየ፣ የጨመረባቸውም ሰፈሮች በብዛት ድሀና ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ሚኖሩባቸው። ላለመዋሸት፣ በኋላ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች በሌላ ስሌት አይተው ከ2013 ወዲህ በድሀውና በሌላው ሰፈር መሀል ያለው የብክለት ልዩነት እየጠበበ ነው ብለዋል፣ ክርክሩ አላለቀም።

እኔን የሳበኝ ግን ጮኸው ያስለወጡት ነው። በ2012 ከጨረታው ገቢ 25 ፐርሰንቱ ብክለት የበዛባቸውን ድሀ ሰፈሮች ይጥቀም ተባለ፣ በ2016 ደሞ ጠንከር ተደርጎ ቢያንስ 25ቱ እዛው ሰፈር ውስጥ ይዋል፣ ሌላ 10 ፐርሰንት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሆነ። የትኛው ሰፈር ነው ሚለውን ሚለይ ካርታ አላቸው፣ ብክለትና ድህነትን አንድ ላይ ሚያይ። በ2017 ስርአቱ ሲራዘም በዛኑ ሰሞን ሰፈር ውስጥ አየር ሚለካ ሌላ ህግ ወጣ፣ ከውጪ በሚገዛው ቅነሳ ማስቆጠር ሚቻለውም ከ8 ፐርሰንት ወደ 4 ወረደ፣ ከዛ ውስጥ ግማሹ ስቴቱን ራሱን በቀጥታ ሚጠቅም መሆን አለበት ተባለ። በ2025 እስከ 2045 ሲያራዝሙት እንኳን በነጻ ሚሰጠው ፈቃድ ለምን አልተነካም ብለው ሚያኮርፉ አሉ፣ እኔም እነሱ ጋ ነኝ፣ በነጻ ከተሰጠማ ዋጋው የቱ ላይ ነው? ዋሽንግተን ስቴት ደሞ በ2021 ሲያወጣው ከመጀመሪያው ነው ቢያንስ 35 ፐርሰንት ለተጎዱ ሰፈሮች ብሎ የጻፈው፣ አየሩንም እየለካ፣ በ2024 ይሰረዝ ተብሎ ለህዝብ ድምጽ ቀርቦ ህዝቡ ይቆይ አለ። የነዳጅ ዋጋ ጨመረብን እየተባለ ይቆይ ማለት ቀላል አይደለም፣ ሰው ብሩ የት እንደሚሄድ ሲያይ ይመስለኛል።

ሩቅ ሳንሄድ እኛው አጠገብ ወላይታ ሁምቦ አለላችሁ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ ገበሬዎቹ አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ መሬት ውስጥ የቀረውን ጉቶ እየተንከባከቡ መልሰው ደን አረጉት፣ ወርልድ ቪዥን አግዟቸው፣ የአለም ባንክ ፈንድ ካርቦኑን ሊገዛ ተዋውሎ። መጀመሪያ መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ብለው የፈሩ ነበሩ፣ ግጦሽና ከሰል የተከለከለባቸውም ተጎድተዋል፣ ግን 7 የህብረት ስራ ማህበራት ተደራጅተው የመጠቀም መብቱ በነሱ ስም ሆነ፣ የካርቦኑ ብርም ለማህበሩ ገብቶ ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሰራበት። ሻጩ ገበሬው ነው፣ እንደሻጭም ተቆጥሯል። እማዬ ግን በፎርሙ ላይ "ተጠቃሚ" ናት፣ ሻጭ አትባልም፣ ሸጣለች እኮ!

ስለዚ አገልግሎቱን 2 ያልኩት ለዚ ነው። ወረቀቱ በሲዳምኛና በአማርኛ ተጽፎ፣ ምድጃው ስንት ቶን እንደሚቆጠርበትና ስንት እንደሚሸጥ ይነገረን፣ ከዛ ቢፈርሙ ያምራል። ከሽያጩ የተወሰነው ተመልሶ ለጥገናና ለጭስ ማውጫ ይዋል፣ ሚገባው ብር ቶን ብቻ እየቆጠረ ሳንባን ማይቆጥር ከሆነ ለሰፈር ሰው ሚያረገው ነገር የእንጨት ወጪ መቀነስ ብቻ ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን ጤና እያሉ አይሽጡልን። 

ደሞ ማን እንደተመረጠ እዩ። ቅናሹ በቤት ቁጥር አንድ ምድጃ ነው። በ2016 በፈረንጆቹ የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሚሰሩት ልጆች አንድ ክፍል ለሶስት ለአራት ተከራይተው በር ላይ ከሰል ነው ሚያነዱት፣ ዝናብ ሲመጣ ከሰሉን ይዘውት ወደ ክፍሉ ይገባሉ፣ እነሱ የቤት ቁጥር የላቸውም፣ አከራያቸው ነው ያለው። ቅናሹን ያገኘችው አከራይዋ ናት፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት። ካርታ ይሰራ ቢባል፣ ቀይ ሚቀባው የነዚህ ልጆች ግቢ ነበር፣ ግን ቶን ለሚቆጥር ሰው አንዲት ለራሷ ብቻ ምትቀቅል ልጅ ብዙ አታወጣም፣ ስለዚ አትታይም። ላቀች ሚባለው የከሰል ምድጃ ለነሱ ይሻላል፣ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባላል፣ ተሸክማችሁት ቤት መቀየርም ይቻላል፣ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ማንደድ ግን ምንም ምድጃ ቢሆን አይሞከርም፣ ይገላል።

ልትገዙ ላሰባችሁ፣ መጀመሪያ ምጣዳችሁን ለኩ፣ ቅርጹ የተሰራበት ልክ አለው፣ ከዛ ሰፋ ያለ ምጣድ ያላችሁ ጠርዙ ላይ አይገጥምም። ምድጃው መቼ እንደተሰራ ጠይቁ፣ ትኩስ ከሆነ እየረጠበ ጥላ ስር ይቆይ፣ ቸኩላችሁ እሳት አትልቀቁበት። ሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ኋላው ወደ መስኮት ወይ ወደ ክፍት ቦታ ይሁን። ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ኮፒ አይሰጧችሁም። የተሰነጠቀ ካለ እኛ በጭቃ ደፍነነው እየሰራ ነው፣ ካልሆነ ግን ቅርጹ ያላቸው ሲሚንቶ ሚሰሩ ልጆች ቁራጩን ለብቻው ይሸጣሉ፣ ሙሉውን እንድትገዙ ሚጎተጉቷችሁን አትስሟቸው።